ለቅሶ ላይ የተባለ ቃል

ጡረታ የወጣሁ ቀን የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች ጓሮ ወንበር ደርድረው ሸኙኝ። አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ፕሬዚዳንቱ ብድግ ብሎ፣ «እትዬ ደብሪቱ በማስተርጎም ሥራቸው አንድም ቀን ስህተት ተገኝቶባቸው አያውቅም» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት ሰይድ ከእስር ተፈታ። አሥራ ሁለት ዓመት የታሰረው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

ስህተት አልተገኘባትም ያሉት እውነታቸውን ነው። መዝገቡን ማንም አውጥቶ ቢያነበው እኔ የተናገርኩት ሁሉ ልክ ሆኖ ያገኘዋል። ያጠፋሁት ባልተናገርኩት ነው፤ እሱን ደግሞ ጸሐፊ አይጽፈውም። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ዝም ማለት አታውቅም» እያሉ ይስቁብኛል። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ዘልሎ የሚገባ ሰው ካለ የምጮኸው እኔ ነኝ። ቀበሌ ከእኔ ኋላ የመጣ ቀድሞኝ ሲስተናገድ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወደ ኋላ የመለስኩበት ቀን አለ። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። የችሎቱን ስምና የዳኞቹን ስም አልጽፍም፤ የራሴን ግን ጽፌያለሁ።

ወደ ኢሉባቦር የመጣሁት በድርቁ ዘመን ነው፣ ከወሎ፣ በሰፈራ። ባሌና የሁለት ዓመት ልጄ አብረውኝ ነበሩ። ልጁን የመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ወለድኩ፤ ባሌም ሞተ፤ ልጆቼን ይዤ መቱ ገባሁና ገበያ በርበሬና ጨው መቸርቸር ጀመርኩ። አፋን ኦሮሞ የለመድኩት እዚያ ነው። ማንበብና መጻፍ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት፣ በኋላም በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል። ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

ክልሉ ተዋቅሮ የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን እኔ እዚያው ፍርድ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ጠዋት ከሰፈራ ጣቢያ የመጡ አንዲት አሮጊት ዳኛው የሚሉት ሳይገባቸው ቆመው ቀሩ። ጸሐፊው ወደ በሩ ዞር ብሎ፣ «ደብሪቱ ትችላለች» አለ። መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ሠራሁ። አስተርጓሚ ተብዬ ደብዳቤ እስኪጻፍልኝ ዓመታት አለፉ፤ ደመወዙን ተዉት።

ያሠለጠነኝ ጋሼ ኢተፋ ነው። የኢሉባቦሯ ቡሬ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ከቡናማ ካፖርቱ የማይለይ። ድሮ ችሎት በአማርኛ ሲሠራ ለኦሮሞ ገበሬዎች ያስተረጉም ነበር። ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ ለእኛ ለሰፋሪዎቹ ያስተረጉም ጀመር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አሁን እንኳን ደስ አለን ብለው ቤትዎ መቀመጥ ይችሉ ነበር።»

«እናቴ በተወለደችበት አገር ዳኛ ፊት እንደ ዲዳ ስትቆም አይቻለሁ» አለኝ። «ያንቺም እናት እንደዚያ እንድትቆም አልፈልግም። አሁን ቁጭ በይና ያጠፋሽውን ልንገርሽ።»

ያጠፋሁት ብዙ ነበር። የገበያ ቋንቋ ስጪ፣ ውሰጂ፣ ቀንሺ፣ ጨምሪ ነው። በፍርድ ቤት ግን ሰው ያደረገውን ብቻ አይናገርም፤ ማድረግ የነበረበትን፣ ማድረግ የሚችለውን፣ ሊያደርግ ሲል የተወውን ይናገራል። እኔ ለእነዚህ ቃል አልነበረኝም። ሁሉንም «አደረገ» እያልኩ አሳልፍ ነበር።

ጋሼ ኢተፋ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ስምና ቦታ አይጠፋሽም፤ ሰዉ ራሱ ያስታውስሻል። የሚያመልጡሽ እነዚህ ናቸው» አለና ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካ። አውራ ጣት፣ አለበት። ጠቋሚው፣ ይችላል። የመሃሉ፣ ይገባዋል። የቀለበት ጣት፣ ይሆናል። ትንሿ ጣት፣ ሊያደርግ ነበር። ምስክር ሲናገር ከጠረጴዛ ሥር የተባለውን ጣት በሌላው እጁ ጨብጦ ይይዛል፤ ተርጉሞ ሳይጨርስ አይለቅም። ጆሮሽ ቢረሳ እጅሽ ይይዝልሻል ይል ነበር።

ስድስት ወር በጣት ተማርኩ። አማርኛችን መሄድ አለብኝ ሲል ነገሩ ሰውየው ላይ ተጭኖበታል። በአፋን ኦሮሞ ዴሙን ቀባ ነው፤ ሰውየው መሄዱን ይዞታል እንደማለት። ይህን ስነግረው ጋሼ ኢተፋ ሳቀብኝና፣ «እናንተ ትሸከሙታላችሁ፣ እኛ እንይዘዋለን፤ ሁላችንም ግን ከመሄድ አልዳንም» አለኝ። የእነሱ ዳንዳአ እና የእኛ ይችላል ደግሞ እኩል ያስቸግሩ ነበር፣ አቅም ይሁን ፈቃድ ስለማይለዩ። አንዴ ዳኛው አንዱን ገበሬ መውጣት ትችላለህ አሉት፤ ተረጎምኩለት። «እችላለሁ ጌታዬ፣ እግሬ ጤነኛ ነው» ብሎ እዚያው ቆመ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼ ኢተፋ ግን አልሳቀም። «ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ ተፈቅዶልሃል ማለት ነበረብሽ» አለኝ።

ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ችሎት ከመጀመሩ በፊት ከባለጉዳዩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ ያወራል። ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አይልም። ሰውየው እንዴት እንደሚናገር፣ ሲያዝን ምን እንደሚል፣ ሲናደድ የት ላይ እንደሚያቆም የሚሰማው እዚያ ነው። «ሰውን መጀመሪያ ችሎት ውስጥ ከሰማሽው የፈራ ሰው ብቻ ነው የምትሰሚው» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ ከብዶኝ ነበር። ኡካ ተዘዋዋሪ ችሎት ሄደን አንዲት ሴት «በቆንጨራ ሊመታኝ ነበር» አለች። እኔ ትንሿን ጣቴን ረስቼ «በቆንጨራ መታኝ» ብዬ ተረጎምኩ። ከኋላዬ ጋሼ ኢተፋ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጠልኩ። እንደገና ጠረገ። ዞር ስል፣ «ተነሺና ንገሪያቸው» አለኝ በአፋን ኦሮሞ፣ ዳኛውም ተከሳሹም እየሰሙ። ተነሣሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚዋ ተሳስታለች፤ ሊመታኝ ነበር ነው ያለችው» አልኩ። ስንወጣ አለቀስኩ፣ ስላዋረደኝ።

«ሰውየው ሊታሰር ነበር» አለኝ። «ስህተት የሚታረመው በተሠራበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ነው። ቤትሽ ገብተሽ ብታርሚው ለራስሽ ነው ያረምሽው።»

አስተርጓሚ የሚናገረው በሰውየው አፍ ነው። ሰውየው «እኔ» ካለ አስተርጓሚዋም «እኔ» ትላለች፤ እሱ እንዲህ አለ አትልም። የራሷን ልትናገር ስትፈልግ እጇን ታነሣና «አስተርጓሚዋ ማስረዳት ትጠይቃለች» ትላለች። ይህን ማድረግ ይፈቀዳል። ጋሼ ኢተፋ በወር አንዴ ሁለቴ ያነሣ ነበር፤ ማንም ለምን ብሎት አያውቅም።

እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ እኔ አነሣሁ። አንዲት የሰፈራ ሴት ከጎረቤቷ ጋር ስትካሰስ አንድ የአገራችንን ልማድ ካላስረዳሁ ነገሩ ስለማይገባ ተነሣሁ። ሌላኛው ወገን ወዲያው ጮኸ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቺ ሴትዮ ያገሯ ልጅ ናት! እየጠመዘዘችላት ነው!»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎ አስተርጓሚ ነዎት ወይስ ጠበቃ?»

ሰዉ ሳቀ። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ ከአንድ ወገን በመሆን ይላል። እኔን! ልጆቼን እንኳ ቁራሽ ሳካፍል በጣቴ ለክቼ የምሰጥ ሴት፣ አዳላች ተባልኩ። ቤቴ ገብቼ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዲህ አይለኝም ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፈራ ከመጣ ሰው ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ ተውኩ። ሰላምታ ሲሰጡኝ በራሴ ነቅነቅ ብዬ አልፋለሁ። እጄንም ማንሣት ተውኩ። ይህን ፍትሕ ብዬ ነበር የያዝኩት።

የሰይድ ጉዳይ የመጣው በዚያ መሃል ነው።

ሰይድና እንድሪስ ከሶር ፏፏቴ ወዲህ ባለ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ፣ እንደ እኔው ከወሎ የመጡ። ማር በሽርክና ይቆርጡ ነበር። በዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። አንዱ በገመድ ይወጣል፣ ሌላው ከታች የገመዱን ጫፍ ይዞ ይጠብቃል። እንድሪስ ይወጣ ነበር፣ ሰይድ ይይዝ ነበር። አንድ የገበያ ቀን በአንድ የቡና ዛፍ ምክንያት ተጣሉና ሰይድ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንግዲህ ገመድህን የሚይዝልህ ፈልግ!» አለው። በሦስተኛው ቀን እንድሪስ ብቻውን ወጣ። ከዛፉ ሥር ወድቆ ሞቶ ተገኘ፤ ገመዱም አጠገቡ ወድቆ።

ዐቃቤ ሕጉ ሰይድ እዚያ ነበረ፣ ገመዱንም ሆን ብሎ ለቀቀው አለ። ያየ ሰው የለም። የነበረው ማስረጃ ጠቡና ለቅሶ ላይ የተባለው ቃል ነው።

ሦስት ምስክሮች ቀረቡ። ሦስቱም እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «ቀብር ላይ፣ ለቅሶው ውስጥ ሰይድ መጣና ደረቱን እየደቃ ‹እኔ ነኝ የገደልኩህ! እንድሪስ ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ!› አለ።»

በእሱ አፍ ተናገርኩ። ‹አናቱ ሲ አጄሴ› አልኩ። ሁለተኛው ምስክርም ያንኑ አለ፣ ሦስተኛዋም። ሦስት ጊዜ እኔ ነኝ የገደልኩህ አልኩ፣ በጥሩ አፋን ኦሮሞ፣ አንዲት ፊደል ሳልጨምርና ሳልቀንስ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ያ የሁለት ዓመት ልጄ በወባ ሲሞት ደረቴን እየደቃሁ ስጮህ የዋልኩት እሱን ነው። እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ እኔ ነኝ ወደዚህ ያመጣሁህ። እኛ ጋ የሚወድ ሰው ሲያለቅስ ሞቱን በራሱ ላይ ይጭናል። እናት ትላለች፣ ወንድም ይላል፣ በሞቱ ጊዜ ሌላ አገር የነበረ እንኳ ይላል። የሰማ ሁሉ «ኧረ አንተ አይደለህም፣ ተው» እያለ እጁን ይይዘዋል። ፖሊስ የሚጠራ የለም። ዳኛው ግን የሌላ አገር ሰው ነበር፣ ወጣት፣ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወንበር ላይ የተቀመጠ። የሰማው የእምነት ቃል ነው። ለሰይድ የተመደበለት ተከላካይ ጠበቃም እሱን ያየው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር።

ሰይድ ተነሣ። «ይህን ቃል ተናግረሃል ወይስ አልተናገርክም?» ተባለ። ተረጎምኩለት።

«ተናግሬያለሁ።»

ችሎቱ ተንሾካሾከ። ሰይድ ቀጠለ፣ «ግን ያ እኮ ለቅሶ…»

«ጥያቄውን ብቻ መልስ» አለ ዳኛው።

«ጥያቄውን ብቻ መልስ» አልኩት እኔ፣ በአማርኛ፣ በዳኛው ድምፅ።

የጀመረውን ሳይጨርስ ተወው። ወደ እኔ ነበር የሚያየው። ጠዋት አግዳሚው ላይ ብቀመጥ ኖሮ እንዴት እንደሚያለቅስ አውቅ ነበር። አልተቀመጥኩም። ሲያየኝ ፊቴን አዞርኩ፣ ያገሬ ሰው ስለሆነ። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እጄ ተነሣና ጉልበቴ ላይ መልሶ ወደቀ። ያ የፊተኛው ዳኛ መነጽር፣ ያ የሰዉ ሳቅ ትዝ አለኝ። ምን አገባኝ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ጠበቃ አለው አልኩ። በልቤ እውነቱ ይህ ነበር፦ አዳላች ከምባል ይታሰር።

ልክ እንደዚህ ነው ያልኩት።

ውሳኔው የተነበበ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት አልኩት። ሰይድ ዳኛውን ትቶ እኔን አየ።

«እትዬ፣ አንቱ ያገራችን ሰው አይደሉም? ለቅሶ መሆኑን ያውቁት የለ?»

ዳኛው ቀና አለ። «ምን አለ?»

የመጨረሻው በር ነበር፤ ዳኛው ራሱ ከፈተልኝ።

«ለአስተርጓሚዋ ነው የተናገረው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ።

«ጥሩ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድኩ። ጋሼ ኢተፋ ደጁ ላይ ቆሞ አጥር ያጥር ነበር። ያንኑ ካፖርት ለብሷል። ሁሉንም ነገርኩት። እንጨቱን አስቀመጠ፤ ነይ ግቢ አላለኝም።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለ።

ዘረጋሁ። ጠቋሚ ጣቴን ያዘ። «መናገር ትችዪ ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ማስረዳት ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል።»

የመሃል ጣቴን፣ ይገባዋልን፣ ያዘ፤ ጥያቄውን ግን አልጠየቀኝም። ይዞት ቆየ። ዝናብ ጀመረ፤ አልለቀቀኝም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለ በመጨረሻ። «ቃሉን አስተማርኩሽ። ሌላውን ምን ላድርግ? የይግባኙ ጊዜ አላለፈም። ወረቀት አምጪ።»

እሱ ጻፈው፣ በቁቤ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ። እኔ ፈረምኩበት፤ ለቅሶ መሆኑን እያወቅኩ ሳላስረዳ ቀርቻለሁ ብዬ። ከዚያ ወደ ሶር ሄጄ የሰይድን ሚስት ዘሀራን ፈለግኋት። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። በራፏ ላይ ቆሜ ማን እንደሆንኩ ስነግራት፣ «አወቅኩሽ» አለችኝ፣ «አሥራ ስምንት ያልሽው አንቺ ነሽ።» ወረቀቱን ተቀብላኝ በባሏ ስም ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስገባች። መልሱ እስኪመጣ በየሳምንቱ በእግሯ መቱ ትመጣና ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ትቆም ነበር። ሌላ ሰው አትጠይቅም፤ እኔን ብቻ ነበር የምትጠይቀው።

መልሱ መጣ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ስለነበር ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ ጓሮ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው በርሜል አጠገብ። አስተርጓሚ ምስክር አይደለችም ይላል። የተባለው ማብራሪያ ክርክሩ በተሰማበት ችሎት በጊዜው ሊቀርብ ይገባ ነበር ይላል። ውሳኔው ጸንቷል ይላል።

«ይገባ ነበር?» አለች ዘሀራ።

«ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ማን ላይ ፈረዱ? አንቺ ላይ እኮ ነው የፈረዱት። የታሰረው ለምን እሱ ሆነ?»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን አልተውኩም። ልተው ብዬ ነበር፤ ጋሼ ኢተፋ፣ «ስትለቂ እጁን የማያነሣ ሌላ ሰው ያስቀምጣሉ» አለኝ። አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ከሁሉም ጋር፣ ከኦሮሞውም ከአማራውም። እጄን ማንሣት ጀመርኩ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጨመረልኝ። አንዱ ፕሬዚዳንት አስጠርቶኝ፣ «እትዬ፣ ጡረታ እስኪወጡ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ቢያስቀምጡት ምን አለ?» አለኝ። «ኪስ የሌለው ቀሚስ ነው የምለብሰው» አልኩት። ይህን ያወራሁት ደግ ሥራ ሠራሁ ለማለት አይደለም። ለሌላው ሰው ያነሣሁት እጅ ለሰይድ አይሆነውም።

ጋሼ ኢተፋ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ። ቡሬ ሄጄ ቀበርኩት። ዘሀራም በሰባተኛው ዓመት ታመመችና ሞተች። ባሏ ሬሳዋን አላየም። እንደሞተች የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እስር ቤት ሄጄ፣ በሽቦው ውስጥ።

እና ጡረታ ወጣሁ፤ እሱም በአመክሮ ተፈታ።

በሩ ላይ ጠበቅኩት። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አልኩት በአማርኛ።

«አካም ጅርቱ» አለኝ፤ ደህና ነዎት ማለቱ ነው። አፋን ኦሮሞውን እስር ቤት ተምሮት ኖሯል፣ ከእኔ አጥርቶ። «ዛሬ ቢሆን ለራሴ እናገር ነበር» አለ በዚያው ቋንቋ። «አስተርጓሚ አላስፈልገኝም ነበር።»

«ልክ ነህ።»

«አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አለ፣ አሁን በአማርኛ። «ወደ ሰፈሬ መግባት አለብኝ። ዘሀራ የተቀበረችው እዚያ ነው። የእንድሪስ እናት ግን በሕይወት አለች፤ ቤቷ መንገዱ ላይ ነው። ልጇን ገደለ ተብዬ በበሯ ማለፍ አልችልም።»

«አልገደልክም እኮ!»

«እሱን እዚያ ይበሉ። ያኔ ያላሉትን።»

በማግስቱ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ጭቃውን በእግራችን፣ የፏፏቴው ድምፅ በቀኛችን እየተሰማ። አንዴ ሰይድ አንድ ረጅም ዛፍ ሥር ቆመና ወደ ላይ አየ። ቀፎ አልነበረም። አለፍን።

እትዬ ሀዋ፣ የእንድሪስ እናት፣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ሰይድን አዩትና እጃቸው ቆመ። ሰይድ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። እኔ ገባሁ። ስንት ዓመት በሰው አፍ ስናገር ኖሬ፣ የራሴን ልናገር ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ ሀዋ፣ እኔ ደብሪቱ እባላለሁ። በሰይድ ክስ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። ለቅሶ ላይ ያለውን ቃል ዳኛው እንደ እምነት ቃል ሲወስደው እኔ ለቅሶ መሆኑን አውቅ ነበር። ማስረዳት እችል ነበር። ይገባኝ ነበር። ያገሬ ሰው ስለሆነ አዳላች እንዳይሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰይድ እንድሪስን አልገደለም። ይህን ለእርስዎ የምናገረው በእሱ አፍ አይደለም፤ በራሴ ነው።»

አንድ የበቆሎ ፍሬ ከጭናቸው ላይ አንሥተው ሰፌዱ ውስጥ ጣሉ።

«ታውቂ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔም አውቅ ነበር።»

አልገባኝም።

«ያን ቀን ‹እኔ ነኝ የገደልኩህ› ብዬ ስጮህ የዋልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሰይድ በፊት። ከሰይድ በላይ። ማር አምጣልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነበርኩ። እኔን የከሰሰኝ የለም። ምስክር ሲሄዱ በዚህ በር አለፉ፤ እኔን ነይ ያለኝ የለም። እኔም አልሄድኩም። ገመዱን ሊይዝለት ይገባ ነበር፣ አልያዘም፤ ይቅመሳት አልኩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ብዬ ነበር። አሥራ ስምንት ሲሉ አፌ ተያዘ። ዘሀራ በዚህ በር ስታልፍ ፊቴን አዞር ነበር። እስክትሞት አዞርኩባት።»

ከአጥሩ ውጭ ሰይድ ተንበርክኳል።

እትዬ ሀዋ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ላግዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙኝም።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ ልቤ ነዶ ነበር» አሉኝ። «እሱ ወንድሙ ነው፤ ገመዱን አልያዘም፤ እሱም ከፍሏል። አንቺ ማን ነበርሽ? ለመናገር ተቀጥረሽ የተቀመጥሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«አዎ» አልኩ።

«እሱ ይግባ። አንቺ ሂጂ።»

ወጣሁ። ሰይድ በአጠገቤ አልፎ ገባ፤ አላየኝም። ከኋላዬ የሁለቱ ለቅሶ ተነሣ። እኔ ነኝ የገደልኩህ ይላሉ እሳቸው፤ ኧረ እኔ ነኝ ይላል እሱ፤ አንዳቸው የሌላውን እጅ ሲይዙ ይታየኛል፣ ዞር ብዬ ባላይም። እኔም ደረቴን ልደቃ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሼ አወረድኩት። እዚያ ለቅሶ ውስጥ ቦታ አልነበረኝም።

እስከ አስፋልቱ ያለውን ጭቃ ብቻዬን ሄድኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ፍርድ ሰምቼ ለሰው አስተላልፌያለሁ። ይህኛው የተፈረደው በእኔ ላይ ነው፣ በገዛ ቋንቋዬ። ይግባኝ አላልኩም።